ከአሥር በላይ የማይቆጥረው ኮምፒውተር

መጠን ማለት የአንድ ነገር ልክ ነው። ሲያንስ «ትንሽ ጨምሪበት»፣ ሲበዛ «ኧረ ይበቃል» የሚያሰኘን እርሱ ነው። ጨው መጠን አለው፤ መድኃኒት መጠን አለው። ለቅሶ እንኳ መጠን አለው፤ ሦስት ቀን ነው፤ እዚህ አገር ደግሞ ሰኞ ሥራ ስላለ እሑድ ማታ ያበቃል። እኔ እስከማውቀው መጠን ያልተሠራላቸው ነገሮች ሁለት ብቻ ናቸው፦ የሚኒሶታ ብርድና የእድራችን ስብሰባ። ፊደልም መጠን አለው። ይህን ግን እስኪጠፋብኝ ድረስ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

እኔ የእድር ጸሐፊ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። እንዴት ተመረጥክ የሚለኝ ካለ፣ በሌለሁበት፣ በሙሉ ድምፅ ነው። የምርጫው ቅዳሜ በረዶ ጥሎ ስለነበር ከተማው፣ በረዶው እንዲጠረግ፣ ከመንገዱ በዚህኛው ጎን የቆመ መኪና ሁሉ ይነሳ ብሎ አወጀ። እኔ ሕግ አክባሪው መኪናዬን ላነሳ ወጣሁ። ሕግ ያላከበሩት እዚያው ሞቅ ብሏቸው ቁጭ አሉና መረጡኝ። ስመለስ ሁሉም ያጨበጭባል። መልካም ነገር ቢሆን ነው ብዬ እኔም አብሬ አጨበጨብኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ሲሞት እጽፋለሁ፤ ሰው ሲገባ እጽፋለሁ፤ ሰው ተቀይሞ ሲወጣ እጽፋለሁ፤ ታርቆ ሲመለስም እጽፋለሁ። ደክሞኛል። በቁጣ የምናገረው አይደለም፤ እንደ አየር ጠባይ ዘገባ ቁጠሩልኝ።

ባለፈው ዓመት መተዳደሪያ ደንቡ ይሻሻል ተባለና አርቃቂ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴው ማለት እኔ ነኝ። አንድ ሰው አሥር ዓመት ታስሮ የእስር ቤቱን ደንብ አንተ አርቅቅ ቢሉት ምን ይጽፋል? እኔም አንቀጽ ሰባትን ጻፍኩ፦ «ማንኛውም የሥራ አመራር አባል ከሁለት የምርጫ ዘመን በላይ አያገለግልም።» ንጹሕ አንቀጽ ነው። በጸደቀ ማግስት እኔ ነፃ ሰው ነኝ። ረቂቁን ለሊቀ መንበራችን ለአቶ ታዬ ሳሳያቸው፣ መነጽራቸውን መኪና ውስጥ ትተውት ነበርና «በጣም ግሩም ነው» ብለው መለሱልኝ። የቀረው የአባላት ፊርማ ብቻ ነበር።

እዚህ ላይ ኮምፒውተሬን ላስተዋውቅ። አሮጌ ነው። ባለቤቴ አልማዝ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ስለምትሠራ በሕይወት ያለውንና የሌለውን ለይታ ታውቃለች፤ ስለ ኮምፒውተሬ የሰጠችው አስተያየት አጭር ነው፦ «እድራችሁ መጀመሪያ ይሄን ይቅበር።» አልተቀበረም። ምክንያቱም የእድሩ ወረቀት በሙሉ የተጻፈው ዛሬ ማንም በማይጠቀምበት የድሮ የአማርኛ ፊደል ነው፤ ያንን ፊደል የሚያውቀው ደግሞ እርሱ ብቻ ነው። አንድ ቀን ደንቡን በልጄ አዲስ ላፕቶፕ ስከፍተው የፐርሰንት፣ የጥያቄና የኮከብ ምልክት ሆኖ ወጣ። ልጄ አየት አደረገችውና፣ በፈረንጅ ካርቱን ስድብ የሚጻፈው በእንዲህ ያለ ምልክት ነውና፣ በእንግሊዝኛ፣ አባዬ ይሄ ሰውዬ በጣም እየተሳደበ ነው አለችኝ። ለምን እንደገና አትተይበውም የሚል አንባቢ አይጠፋም። ስድስት ገጽ ጥቅጥቅ ያለ ጽሑፍ ነው፤ እኔ የምተይበው በሁለት ጣት ነው፤ ከሁለቱም አንደኛው ያመዋል።

ስብሰባው ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ፊደሉን ለሽማግሌዎች ዓይን ከፍ ላድርገው ብዬ የመጠኑን ዝርዝር ክሊክ አደረግኩ። ድሮ ከስምንት እስከ ሰባ ሁለት እንደ ትምህርት ቤት ሰልፍ ተደርድረው ይቆሙ የነበሩት ቁጥሮች የሉም። አሥር ብቻ ቆሟል። ዘጋሁት፤ ከፈትኩት። አሥር። በእጄ አሥራ ስምንት ብዬ ጻፍኩበት፤ ጢጥ ብሎ ወደ አሥር ተመለሰ። ሪስታርት አደረግኩት፤ እስኪነሳ እራት በላሁ፤ ሲነሳ አሥር። ጊዜ ስላልነበረኝ እንዳለ አተምኩት። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የሚባለው ለኔ ነው፤ እኔ ግን ገና ለመልቀም አልደረስኩም።

በነጋታው ፍሮግታውን የሚባለው ሰፈር ያለችው የኪራይ አዳራሻችን ውስጥ ወረቀቱን አደልኩ። መጀመሪያ ወረቀቱ ከዓይን ራቀ። ከዚያ ቀረበ። ከዚያ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዞረ። ከዚያ ሁሉም ቀና ብለው እኔን አዩኝ። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ተነሡ። እኚህ ሴት ከብርድ ለመሸሽ አንድ ጂም ገብተው፣ አንድ ወረቀት ፈርመው፣ ሦስት ዓመት ሙሉ በየወሩ እየከፈሉ ሳይሮጡ ሯጭ ሆነው የኖሩ ናቸው። ከውሉ መውጫው የት ነው ቢሉ፣ ከታች በትንሽ ፊደል ተጽፎልዎታል ተባሉ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ሲገዙ እንኳ የሚያነቡት ከታች ወደ ላይ ነው።

«በዚህ አገር ትንሽ ፊደል ለደግ ነገር ተጽፎ አያውቅም» አሉ፤ ወረቀቱንም ገልብጠው ጠረጴዛው ላይ አስተኙት።

እኔ ኮምፒውተሩ ነው አልኩ። ከኋላ አንዱ፣ መኪና የሸጠልኝም ሰውዬ ኮምፒውተሩ ነው ብሎኝ ነበር አለ። ሌላው፣ ጸሐፊያችንን እንኳ አልጠረጥርም፣ ግን ምን ነካው ብሎ ፊደሉን አሳነሰው ሲል ጠየቀ፤ ይሄ እንግዲህ አለመጠርጠር ነው። አሥራ አንድ ዓመት ስማቸውን ሳልሳሳት የጻፍኩላቸው ሰዎች ናቸው! አንድም ሰው ሳይፈርም በሁለት ሳምንት ውስጥ በሚነበብ ፊደል ይቅረብ ተብሎ ስብሰባው ተበተነ።

ሁለቱ ሳምንታት እንዴት እንዳለፉ በአጭሩ ልናገር። ፊደሉን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩት፤ አሥር። ስክሪኑን አጎላሁት፤ ስክሪኑ ጎላ፣ ወረቀቱ አልጎላም። ወረቀቱን ቤተ መጻሕፍት ወስጄ ኮፒ ማሽኑ ላይ አሳደግኩት። በእርግጥም አደገ፤ ግን አድጎ ከወረቀቱ በስተቀኝ ወጣ። የአማርኛ ማሰሪያ ግስ ያለው ደግሞ እዚያ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ በእጄ የቀረው አባሉ የማይቀጣበት፣ የማይሰናበትበት፣ የማይከፍልበት ደንብ ነው። ይህንን ባቀርበው ኖሮ በጭብጨባ ያልፍ ነበር ብዬ አሁንም አስባለሁ።

በመጨረሻ ገመቹን ጠራሁ። ገመቹ የእድራችን አባል ነው፤ ሮዝቪል አንድ መጋዘን ውስጥ ዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት ይነዳል። አገር ቤት ሳለ ግን ኮምፒውተር ጠጋኝ ነበር። የሥራ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ ኮምፒውተሩን ሲያይ እንደ ሟች ዘመድ ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያም የጠየቀኝ ነገር ቢኖር ፕሪንተርህ የትኛው ነው የሚል ነው።

«የጠፋብኝ የፊደል መጠን ነው፤ ፕሪንተሩ ጤነኛ ነው» አልኩት።

«አቦ ዝም በል። ቃለ ጉባኤ ስትጽፍ እኔ መጥቼ አስተምሬህ አውቃለሁ?» አለኝ።

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ። ለካ እንዲህ ያለ የድሮ ፕሮግራም ስንት ዓይነት መጠን እንዳለ በራሱ አያውቅም። በአንደኛነት የተሰየመውን ፕሪንተር «ጌታዬ፣ እስከ ስንት ይችላሉ?» ብሎ ይጠይቃል፤ የተባለውን ብቻ ለእኔ ያሳየኛል። የቀድሞው ፕሪንተር ሲበላሽብኝ ያገለገለ ገዝቼ ነበር። ያንን ሳስገባ ኮምፒውተሩ ረጅም የስም ዝርዝር አቀረበልኝ። ከስሞቹ መካከል «ጽሑፍ ብቻ» የሚል በእንግሊዝኛ አየሁ። እኛ ደግሞ ከጽሑፍ በቀር ምን አለን? ትሕትናው ደስ አለኝና መረጥኩት። ሳትምበት ዝብርቅርቅ ሲያወጣ ትክክለኛውን ስም ፈልጌ ጨመርኩ፤ ከዚያ በኋላ ባተምኩ ቁጥር እርሱን እየመረጥኩ፣ የፊደል መጠኑን ሳልነካ ስሠራ ኖርኩ። የመጀመሪያውን ግን ከዙፋኑ አላወረድኩትም። ያ በዓለም ላይ የሌለ ፕሪንተር፣ የሚችለው መጠን አንድ ብቻ የሆነ፣ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ ይገዛኝ ነበር። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ሦስተኛ ይጨመርበት።

ገመቹ አንድ ጊዜ ክሊክ አደረገ። ቁጥሮቹ ከስምንት እስከ ሰባ ሁለት፣ አንድም ሳይቀር፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ተሰልፈው ቆሙ። ሁለት ሳምንት የት ነበራችሁ ማለት አማረኝ። ገመቹ ሻዩን ጠጣና እየሳቀ፣ የሌለ ፕሪንተር የሚያነግሥ ከሆነ እንዲህ ያለ ትምህርት ይቅርብኝ ብሎ ሄደ።

ደንቡን በአሥራ ስምንት አተምኩት። አሥራ ዘጠኝ ገጽ ሆነ። ፊደሉ ግርማ ሞገስ አለው፤ እያንዳንዱ «ጨ» ሦስት እግሩን ተክሎ ቆሟል። ቅዳሜ ስናድለው አዳራሹ ውስጥ የደስታ ጉርምርምታ ተሰማ። አቶ ታዬ ያለ መነጽር እያነበቡ ነው። ወይዘሮ ጥሩወርቅ ወደ እኔ ዞር ብለው፣ ይኸው ስትፈልግ ትችላለህ አሉኝ። እኔ በልቤ ዕቃዬን መሸከፍ ጀመርኩ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተኝቶ መዋል ምን እንደሚመስል አስቤ ነበር።

ሰዎቹ እያነበቡ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት የላክሁትን ወረቀት ሁሉ ሳያነቡ የፈረሙ ሰዎች ናቸው፤ እንዲያነቡ ያደረግኳቸው እኔ ነኝ።

«እናንተ!» አሉ ወይዘሮ ጥሩወርቅ። «አንቀጽ ሰባትን አያችሁ? ጸሐፊያችን ሊያመልጥ ነው!»

አሥራ ዘጠኝ ገጽ በየእጁ ወደ አንቀጽ ሰባት ሲገለጥ የሚያሰማውን ድምፅ አልረሳውም።

«ትንሽ ፊደል ለደግ ነገር አይጻፍም አላልኳችሁም?» አሉና ተቀመጡ። ምን እላለሁ? ልክ ናቸው። ተንኮሉን በእውነት እዚያ ውስጥ ደብቄው ነበር፤ ፊደሉን ግን ያሳነስኩት እኔ አልነበርኩም፤ ይህንን አሁን ማን ያምነኛል?

ደንቡ ለሁሉም ነው፣ ዴሞክራሲ ነው ብዬ ጀመርኩ። አንዱ ከጎን፣ ዴሞክራሲውን ተወውና ያን ኮምፒውተር ማን ሊነካው ነው አለ። ሁሉም ወደ ገመቹ ዞሩ። ገመቹ ከወንበሩ ግማሽ ተነሥቶ፣ እኔ የማውቀው ፕሪንተር ብቻ ነው፤ አማርኛ ብተይብ ከኦሮምኛዬ ጋር ይጣላብኛል፤ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ ኦቨርታይም አለብኝ አለ። ያ ቀን ቅዳሜ መሆኑን ማንም አላነሳበትም። አቶ ታዬ ተነሥተው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ ይህን የመሰለ ፊደል ያወጣ ሰው ከየት ይገኛል፣ ዕድሜና ጤና ይስጥህ ብለው ረዘም አድርገው መረቁኝ። ሁሉም «አሜን» አለ። እኔም ምርቃት ነውና «አሜን» አልኩ።

አንቀጽ ሰባት በሙሉ ድምፅ ተሰረዘ። የቀረው ደንብ ጸድቆ ሁሉም ፈረመ። ቃለ ጉባኤውን የያዝኩት እኔ ነኝ።