ለስድስት የተከፈለ ግስ

«እሠራለሁ» ለማለት ሰው የማንን ፈቃድ ይፈልጋል? ባሕር ማዶ ስንት ዓመት ተምሬ ብመለስም መልሱን እስካሁን አላገኘሁትም። የሳሙና ፋብሪካችን አስተዳደር ግን በአንድ ስብሰባ አግኝቶታል፤ ቃለ ጉባኤ ተይዞለት ማኅተም አርፎበታል።

የሳሙና መቁረጫው ማሽን ቆመ። የሠሪው ኩባንያ ባለሙያ ደግሞ ስፓኒሽ ብቻ ነው የሚናገረው። «ሐሙስ እደውላለሁ፤ ማሽኑ ላይ የሚሠራው ሰው ስልኩን ያንሳ፤ እየመራሁት ይጠግነዋል» ሲል ጻፈ። ካልተጠገነ የመቁረጫ ክፍሉ አርባ ሠራተኞች ይሰናበታሉ። ማሽኑ ላይ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራችው ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት ናት።

በተማሪነቴ አንድ መንፈቅ ስፓኒሽ ቀምሼ ስለነበር እንዳስተምር ታዘዝኩ። «መሥራት» ከሚለው ጀመርኩ። ሰሌዳው ላይ ከ«እሠራለሁ» እስከ «ይሠራሉ» በቅደም ተከተል ትራባሆ፣ ትራባሃስ፣ ትራባሃ፣ ትራባሃሞስ፣ ትራባሃይስ፣ ትራባሃን ብዬ ደረደርኩ።

ከመምሪያ ኃላፊዎቻቸው ጋር ትምህርቱን ሊጎበኙ የመጡት ክቡር ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አውልቀው ሰሌዳውን አዩት።

«ስድስት ነው?»

«አዎ፣ ጌታዬ።»

«የኛም መምሪያ ከኔ ቢሮ ጋር ስድስት! ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ!»

ግሱ በዚህ ጥበብ ተደለደለ። «እሠራለሁ» ከባድ ኃላፊነት ስለሆነ እሳቸው ላይ ወደቀ። «ትሠራለህ» ለሰው ኃይል፣ «ይሠራል» ለቁጥጥር፣ «እንሠራለን» ለሕዝብ ግንኙነት፣ «ትሠራላችሁ» ለሥልጠና ተሰጠ። «ይሠራሉ» በሌሎች ሥራ ላይ ጽኑ እምነት ላለው ለዕቅድ መምሪያ ሆነ።

«እኔስ ምን ልበል?» አለች እትዬ ከበሩ ሥር።

«አለቀ እኮ፣ እህቴ» አሉ የሰው ኃይል ኃላፊው። «ቀደም ብለሽ ብታመለክቺ ኖሮ!»

«ኧረ በሞቴ! ማሽኑን የማውቀው እኔ ነኝ!»

«ማወቅ ሌላ ግስ ነው» አሉ ሥራ አስኪያጁ። «ገና አልተደለደለም።»

እኔ ልናገርላት ስል ወደኔ ዞሩ። «አንተ ትሰማለህ እንጂ አትናገርም። መደብ የለህም።»

ሐሙስ አዳራሹ ውስጥ ስልኩ ጮኸ፤ ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ ተከፈተ። ባለሙያው ማሽኑ ላይ የሚሠራው ማን እንደሆነ ጠየቀ።

«ትራባሆ!» አሉ ሥራ አስኪያጁ ብድግ ብለው።

«ክዳኑን ይክፈቱ ይላል» ብዬ ተረጎምኩላቸው።

«ክዳን አለው እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ።

እትዬ እጇን ዘረጋች። «ጌቶች፣ ስልኩን ለኔ ይስጡኝ።»

«ያለ ውክልና?»

ዝምታው የተቋሙን ገጽታ እንዳያበላሽ የሰው ኃይል ኃላፊው «ትራባሃስ!» አሉ። ቁጥጥር ተከተለ። ሕዝብ ግንኙነት የራሱን እየተናገረ አጨበጨበ። መጀመሪያ በተራ፣ ኋላ ያለ ተራ፣ ግሱን በባለሙያው ጆሮ ላይ አዘነቡት።

ባለሙያው ከት ብሎ ሳቀ፤ አንድ ነገር ተናግሮም ስልኩን ዘጋ።

«ምን አለ?»

«ሁሉም የሚሠራ ከሆነ ማሽኑም ሠርቷል ማለት ነው፤ ተጠግኗል ብዬ ፋይሉን ዘግቻለሁ፣ እንኳን ደስ አላችሁ አለ።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከሰዓት በኋላ ለስድስቱ ስድስት የምስጋና ደብዳቤ ተጻፈ። ማሽኑ ግን እንደቆመ ነው፤ በማግስቱ የወረቀት እጥረት ስለነበር የአርባዎቹን ስንብት በአንድ ገጽ ግድግዳ ላይ ለጠፉት።

እትዬ ስሟን ካነበበች በኋላ ወደኔ መጣች። «እስቲ ያቺን የጌቶችን ቃል ጻፍልኝ።»

ጻፍኩላት። ማሽኑ ዘንድ ሄዳ ክዳኑን ከፈተች፤ የተሰበረውን ስለት በስልኳ ፎቶ አነሳች። ከፎቶው ሥር ፊደል በፊደል እየገለበጠች «ትራባሆ» ብላ ለባለሙያው ላከች።

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ፤ መልስ የለም።