ስለ ጡንቻና ስለ እጅ መንሣት የወጣ ትእዛዝ

የነቀምቴ ከተማ ለሳይንስ ያበረከተችው ታላቅ ግኝት የተወለደው በ1958 ዓ.ም. ነው። ተወልዶ ያደገውም፣ እንደ ብዙ ታላላቅ ነገሮቻችን፣ በአንድ የትምህርት ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ነው።

የሳይንስ መምህሩ ዋቅወያ፣ ሚስቱ በቀለች ዲጋ በምትባል ከተማ መንታ ወልዳ ብቻዋን ስለነበረች፣ ወደዚያ ልዛወር ብሎ ካመለከተ ሰባት ወሩ ነበር። ማመልከቻው በጽሕፈት ቤቱ ሹም በአቶ በላይ ጠረጴዛ ላይ በክብር ተቀምጧል። ዋቅወያም በየጠዋቱ ደጅ ይጠናል። መንታዎቹ ግን ደጅ ጥናት አያውቁምና ጥርስ አብቅለዋል። ልጆቹን እስካሁን አንዱን ከሌላው መለየት አለመቻሉ ያንገበግበው ነበር።

አንድ ቀን አቶ በላይ ክፍሉን ሊጎበኙ ገቡ። ዋቅወያ ሰሌዳው ላይ ሁለት ዓይነት ክር ስሎ ያስረዳል።

«ጡንቻችን የሚሠራው በሁለት ፕሮቲኖች ነው፤ በአክቲንና በማዮሲን። ማዮሲን ብዙ ትንንሽ ራሶች አሉት። ራሶቹ አክቲንን ይዘው ጎንበስ ሲሉ ክሩ ይሳባል፤ ጡንቻው ያጥራል፤ ክንድም ይታጠፋል።»

«ቆይ እስቲ» አሉ አቶ በላይ። «ራሱን ዝቅ ካላደረገ ምንም ነገር አይንቀሳቀስም?»

«ምንም፣ ጌታዬ።»

የአቶ በላይ ዓይን እንባ አቀረረ። ዕድሜ ልካቸውን በልባቸው ሲያውቁት የኖሩትን ነገር ሳይንስ ገና ዛሬ ደረሰበት።

በማግስቱ ትእዛዝ ተለጠፈ። «እንቅስቃሴ ሁሉ ከመጎንበስ የሚመነጭ መሆኑ በሳይንስ ስለተረጋገጠ፣ ማንኛውም ባለጉዳይ ደጃፉ ላይ ጎንብሶ ቀና በል እስኪባል እንዲቆይ፤ ቀና ብሎ የተገኘ ሰው ጉዳዩ የማይንቀሳቀስ መሆኑን እናስታውቃለን።» ብልህ ትእዛዝ ነበር፤ ወጪም አልነበረውም።

ዋቅወያ ትእዛዙን ሁለት ጊዜ አነበበ። ከዚያ ቁርስ ሳይቀምስ ሄዶ በሩ መሐል ላይ እጥፍ አለ። ረፋዱ አለፈ፤ ምሳ ሰዓት ደረሰ። አቶ በላይ ሊወጡ ቢሉ በሩ ጠባብ፣ የዋቅወያ ትከሻ ሰፊ ሆነባቸው።

«በቃ፣ ቀና በል!»

«አልቻልኩም፣ ጌታዬ። ማዮሲን የያዘውን የሚለቀው ከምግብ በሚገኝ ኃይል ነው። እኔ ደግሞ ቁርስ አልበላሁም።»

«ካልለቀቀስ?»

«ሬሳ የሚደርቀው እንዲያ ነው።»

ዘበኛው ጃራ እየሮጠ መጣ። «ኦቦ ዋቅወያ! ማል ታቴ? ምን ሆንክ?»

«ዝም በል፣ ሳይንስ ነው!» አሉት አቶ በላይ። ቤታቸው ምሳው እየቀዘቀዘ ነበር። ማመልከቻውን ከጠረጴዛው አንሥተው በዋቅወያ ጀርባ ላይ ዘረጉና ፈረሙ፤ ማኅተሙንም እዚያው መቱበት። ዋቅወያ በሚያስደንቅ ፍጥነት ተቃንቶ ወረቀቱን ያዘና፣ እጅ እንኳ ሳይነሣ የዲጋን መንገድ ገባ።

ወሬው ግን በደጅ ጠኚው ሁሉ ዘንድ ተሰማ። በማግስቱ አርባ ባለጉዳይ ቁርሱን ሳይበላ መጥቶ፣ በትእዛዙ መሠረት በሩን ሞልቶ ጎነበሰ። አንድም ሰው ሕግ አልጣሰም።

አቶ በላይ ደግሞ ሥራ የሚያስታጉሉ ሰው አይደሉም። በጓሮ ዞረው በመስኮት ይገቡ ጀመር። መስኮቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በየጠዋቱ ራሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ዝቅ አድርገው ብቅ ሲሉ፣ በሩ ላይ ያሉት ባለጉዳዮች አንድ ላይ «ግድ የለም፣ ጌታዬ፤ ቀና ይበሉ» ይሏቸዋል።