በድሮው ልክ የተሰፋ ጀለቢያ

ሰው የታመመ ጊዜን ያህል ለጋስ አይሆንም። ደህና ሳለ ለዕድሩ አንድ ወንበር ለመስጠት ሰባት ጊዜ የሚያስበው ሁሉ፣ ትኩሳት ሲይዘው ጃንጥላ፣ ሻማ፣ ሙክት እያለ ለታቦቱ ይሳላል። እኔን አይታችሁ አትሳቁ፤ እናንተም ያላስገባችሁት ስለት አይጠፋችሁም።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ላይ የስፌት መኪናዬ ላይ ተጎንብሼ ሠላሳ ዓመት ተቀምጫለሁ። ጉንፋን ከተማው ሲገባ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ቤት ነበር፤ ደንበኛዬም ከሱሪው ጋር ሳሌን ይዞ ይሄዳል። አምና ከፋሲካ በኋላ ደረቴ ድረስ ወርዶ አልጋ ላይ ሲጥለኝ፣ «ግሸን ማርያም፣ ማሪኝና ለመስከረም በዓልሽ ከዚህ ድረስ በእግሬ እመጣለሁ» አልኩ። ባለቤቴ ሰማችና «ከአልጋው እስከ በሩ ሳይደርስ!» ብላ አለቀሰች።

ስለት ደግሞ ቀልድ አይደለም። እንደምንም ብድግ ስል ልለማመድ አሰብኩ፤ ግን ብቻዬን መንገድ ላይ ብወድቅስ? ጎረቤቴ ሰኢድ ሳዑዲ ሹፌር ሆኖ ኖሮ የተመለሰ፣ ሆዱ ቀድሞት የሚገባ ሰው ነው። በሩን አንኳኩቼ ጭንቀቴን ነገርኩት።

«አብሽር ጋሼ! ሱብሂ ሰግጄ ተመልሼ እተኛለሁ፣ ያኔ ይቀስቅሱኝ» አለኝ።

ያውም ለማርያም ስለት! ጌታ ይስጠው እያልኩ በየማለዳው ቀሰቀስኩት። በሐይቁ ዳር እስከ እስጢፋኖስ ገዳም መግቢያ እያወራን እንሄዳለን፣ እያወራን እንመለሳለን። ሰኔ ላይ ጉንፋን ከተማውን ሲያዳርስ እኔን አለፈኝ። ሐምሌም አለፈኝ።

ሰው ሲሻለው ይጠግባል። በፍልሰታ ጾም፣ ለሰኢድ ሳልነግረው፣ ከሰዓትም በባዶ ሆዴ ዳገት ለዳገት መሮጥ ጀመርኩ። ሳምንት ሳይሞላኝ እንደ ዱሮዬ ወደቅኩ። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ታሪኬን ሰምታ ሳቀች።

«አባቴ፣ እንቅስቃሴ በልኩ ሲሆን ሰውነት በሽታን የሚከላከልበትን አቅም ያነቃዋል። ያለ ምግብ ያለ ዕረፍት ከልክ ካለፈ ግን ያንኑ አቅም ያደክመዋል። አሁን ይረፉ፤ ሲሻልዎት ቀስ ብለው ይጀምራሉ።»

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል አሉ። ሠላሳ ዓመት የሰው ልክ ስለካ ኖሬ፣ የራሴን ልክ ከአንዲት ልጅ ሰማሁ። ዕድሜ ይስጣት። አሥር ቀን ስተኛ በዓሉ ሊያመልጠኝ ነው ብዬ አነባሁ፤ ሰኢድ ግን በየጠዋቱ በር ላይ ቆሞ «ዛሬስ እንዴት አደሩ?» ማለቱን አልተወም። ጳጉሜን ላይ ቀስ ብለን ጀመርን።

መስከረም ላይ ሄድኩ። ሰኢድ እስከ ውጫሌ አብሮኝ ተጉዞ ሸኘኝ፤ የቀረውን ከምእመናኑ ጋር ገሰገስኩ። ግሸን አናት ላይ ስቆም ካሳልኩ ስንት ጊዜዬ እንደሆነ ጠፋኝ። ከማርሽኝ እመጣለሁ ብያት ነበር፤ እሷ ለካ በመምጣቴ ነው የማረችኝ። እዚያው ተንበርክኬ እንደ ልጅ አለቀስኩ።

ስመለስ ለሰኢድ ምስጋና አንድ ጀለቢያ ሰፋሁለት። ከሳዑዲ እንደመጣ የለካሁት ልኩ ደብተሬ ላይ ነበር። ሲለብሰው ግን ሌላ ሰኢድ ጨምሮ ይይዛል! ሁለታችንም ሳቅን። ቆይቶ እሱ ሳቁን ተወ።

«ጋሼ፣ ካልተንቀሳቀስክ ትሞታለህ ብሎ ሐኪም ካስጠነቀቀኝ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር። ወላሂ፣ ብቻዬን አልጋዬን መተው አቃተኝ። ዱዓዬ፣ ያ ረቢ የሚቀሰቅሰኝ ሰው ስጠኝ ነበር። እርስዎ በሬን ሲያንኳኩ...» ብሎ የጀለቢያውን ትርፍ ጨርቅ በእጁ ሰበሰበ።

ውለታ ውሎልኛል ብዬ ስመርቀው የከረምኩት ሰው፣ ለካ እሱም እኔን ሲመርቅ ከርሟል።

ጀለቢያውን ላጠብበው ተቀበልኩት። በማግስቱ ማለዳ፣ ደንበኛ ሳይመጣ ልጨርሰው ብዬ መኪናዬ ላይ ቁጭ ከማለቴ በሩ ተንኳኳ። አሁን ቀስቃሹ እሱ ሆኗል።