ተከፍቷል፣ አልተከፈተም

[የሆስፒታል ካርድ ክፍል። መሀሉ ላይ ክብ ቀዳዳ ያለው ትልቅ መስታወት፤ ከመስታወቱ ወዲያ ረጅም ሰልፍ፣ ከወዲህ ጠረጴዛ፣ አሮጌ ኮምፒውተርና ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ ወንበር። ወንበሩ ላይ ሃያ ሁለት ዓመት የተቀመጡ ሽማግሌ አሉ፤ ሠራተኛው ሁሉ ጋሼ መስኮት ይላቸዋል። ጎናቸው የሆስፒታሉን የቀጠሮ ዌብሳይት የሠራው ወጣት ቆሟል። እሱን ሊቁ ይሉታል፤ እሱም ሙገሳ ይመስለዋል። ሁለቱም የጋሼን ስልክ አፍጥጠው ያያሉ።]

ሊቁ፦ ተከፍቷል።

ጋሼ፦ አልተከፈተም።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ እያዩት? የሆስፒታሉ ስም አለ። «ቀጠሮ ይያዙ» የሚለው አረንጓዴ በተን አለ። ምን ቀረው?

ጋሼ፦ በተኑን ተጫንኩት።

ሊቁ፦ እሺ።

ጋሼ፦ ዘጋኝ።

ሊቁ፦ ገና ነዋ። መከፈትና መሥራት ይለያያል።

ጋሼ፦ እኛ ሰፈር በር ተከፈተ የሚባለው ሰው ሲገባበት ነው።

ሊቁ፦ በሩን ግን አይተውታል?

ጋሼ፦ አይቼዋለሁ።

ሊቁ፦ በስንት ሰከንድ አዩት?

ጋሼ፦ ወዲያው።

ሊቁ፦ በቃ፣ ፍጥነት ማለት እሱ ነው። ዜሮ ነጥብ ስምንት ሰከንድ። ድሮ እኮ አሥራ አንድ ሰከንድ ሙሉ ነጭ ስክሪን ላይ አፍጥጠው ይቀመጡ ነበር።

ጋሼ፦ ድሮ ነጭ ነገር እያየሁ እጠብቃለሁ። አሁን አረንጓዴ ነገር እያየሁ እጠብቃለሁ።

ሊቁ፦ ልዩነቱ ታየዎት?

ጋሼ፦ ቀለሙ ታየኝ።

ሊቁ፦ ይህችን ነገር ዛሬ ሰው ፊት እንዳይደግሟት። አራት ሰዓት ላይ ዳይሬክተሯ እዚህ ይመጣሉ። መስኮቱ ይዘጋ ብዬ ባቀረብኩት ላይ የሚወስኑት ዛሬ ነው።

ጋሼ፦ መስኮቱ ከተዘጋ እኔስ?

ሊቁ፦ እርስዎማ ምድር ቤት ይወርዳሉ። የድሮ ካርድ ማከማቻው ውስጥ።

ጋሼ፦ እዚያ መብራት አለ?

ሊቁ፦ ይገባል፤ ጥያቄ ቀርቧል።

ጋሼ፦ መቼ ነው የቀረበው?

ሊቁ፦ እኔ ከመቀጠሬ በፊት።

ጋሼ፦ ምድር ቤት አይጥ እንጂ ሰው አይመጣም ልጄ። እኔ ሰው የለመድኩ ነኝ። ሰው ሳላይ ውዬ ማታ ስገባ ለባለቤቴ ምን አወራላታለሁ? ከፋኝ፤ አልዋሽህም።

ሊቁ፦ እኔ እኮ እርስዎን ጠልቼ አይደለም። ዘመኑ ነው። አዲሱ ፍሬምወርክ የእርስዎን ሥራ ጨረሰው።

ጋሼ፦ ይህ ሰውዬ ማነው?

ሊቁ፦ ሰው አይደለም። ለዌብሳይት ዋልታና ማገር በሉት። አጥንቱ ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ እኛ ምርጊቱን ብቻ ነው የምንለስነው።

ጋሼ፦ አምና የተከልከውስ?

ሊቁ፦ እሱ አርጅቷል።

ጋሼ፦ ዓመት ሳይሞላው?

ሊቁ፦ በእኛ ሙያ ዓመት ብዙ ነው።

ጋሼ፦ ካቻምና «የመጨረሻው ነው፣ ከዚህ በኋላ የለም» ያልከኝስ?

ሊቁ፦ እሱንማ ዛሬ ማንም በስሙ አያነሳውም።

ጋሼ፦ ነፍስ ይማር።

[አንድ እጅ በቀዳዳው በኩል ካርድ ያቀብላል። ጋሼ በሁለት ጣት ኮምፒውተሩን ቀጭ ቀጭ አድርገው ካርዱን ይመልሳሉ። ሊቁ ሰልፉን እንደ ዝናብ ተመልክቶ ፊቱን ያዞራል።]

ሊቁ፦ ይህ ሁሉ ሰው ምን ይሠራል እዚህ? ቀጠሮ በስልክ ሆኗል አልተባለም?

ጋሼ፦ ተብሏል።

ሊቁ፦ ልማድ ነው። ሰው ለውጥ ይፈራል። ለማንኛውም ስሙኝ፤ ዳይሬክተሯ ቢጠይቁዎት እንዳያሳፍሩኝ ላስረዳዎት። ሰው ቤት ሲቀይር አስቡት። በድሮው አሠራር አልጋው፣ ቁም ሣጥኑ፣ ድስቱ፣ ምንጣፉ፣ ያለው ዕቃ በሙሉ ተጓጉዞ እስኪያልቅ ሰውየው ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። በአዲሱ ግን መጀመሪያ አልጋው ብቻ ይገባል። ሰውየው ወዲያው ጋደም ይላል። ሌላው ሲፈለግ ይመጣል።

ጋሼ፦ ጥሩ ነው። ራት ቢያምረውስ?

ሊቁ፦ ያኔ ድስቱን ይጠራዋል።

ጋሼ፦ ከየት ይመጣል?

ሊቁ፦ ከድሮው ቤት።

ጋሼ፦ መንገድ ቢዘጋስ?

ሊቁ፦ መንገዱ ኔትወርክ ነው። እሱ የእኔ ጥፋት አይደለም።

ጋሼ፦ ስለዚህ ሰውየው ጦሙን ያድራል።

ሊቁ፦ አልጋ ላይ ግን ነው ጋሼ። ይህን አይናቁት።

ጋሼ፦ አልናቅኩም። አሳዘነኝ እንጂ።

ሊቁ፦ ሌላም አለ። ድሮ ጥሬውን ነበር የምንልከው፤ የሰውየው ስልክ ራሱ ተቀብሎ፣ ራሱ አብስሎ ነው ገጹን የሚያሳየው። አሁን እዚህ ሰርቨር ላይ፣ ገጹን በሚያድለው የእኛ ኮምፒውተር፣ አብስለን እንልካለን።

ጋሼ፦ በስሎ ከመጣ ለምን አይበላም ታዲያ?

ሊቁ፦ መጀመሪያ የሚደርሰው መልኩ ነዋ። ነፍሱ ቆይቶ ይከተላል። ነፍሱ ጃቫስክሪፕቱ ነው። እሱ ሲደርስ በተኑ ነፍስ ይዘራል፣ ሲጫኑት ይሰማል።

ጋሼ፦ እስከዚያ ሬሳ ነው በለኛ።

ሊቁ፦ ሬሳ አይደለም። በቅርቡ የሚነቃ ነው።

ጋሼ፦ ሃያ ሁለት ዓመት ሆስፒታል ሠርቻለሁ። ሁሉም ቤተሰብ እንደዚያ ነው የሚለኝ።

ሊቁ፦ ከእርስዎ ጋር ሳይንስ ማውራት አይቻልም።

ጋሼ፦ አይ፣ ገብቶኛል። በተኑ አለ። ግን የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ሊቁ፦ ጥፋቱ የስልክዎ ነው። ይህ ስልክ እኮ ሙዚየም መግባት ያለበት ነው። እኔ ቢሮ እንደ መብረቅ ነው የሚከፈተው።

ጋሼ፦ አንተ ቢሮ በምን ሞከርከው?

ሊቁ፦ በእኔ ላፕቶፕ። ዘንድሮ የወጣ ነው።

ጋሼ፦ በማን ኔትወርክ?

ሊቁ፦ በሰርቨሩ ገመድ። ሰርቨሩ እኮ ከጠረጴዛዬ ሥር ነው ያለው።

ጋሼ፦ ታዲያ እንዴት አይፈጥንልህ? እግርህ ሥር ነው የተኛው።

[በሩ ይከፈታል። የሆስፒታሉ ዳይሬክተር ትገባለች፤ ነጭ ጋዋን የለበሰች፣ ብዙ የማትናገር ሴት ናት። ጋሼ ይነሳሉ። ሊቁ ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል።]

ዳይሬክተሯ፦ ጋሼ፣ ይቀመጡ። አንተ ባጭሩ ንገረኝ። ሕሙማን ይጠብቁኛል።

ሊቁ፦ ባጭሩ ተሳክቷል። ከሰኞ እስከ ዛሬ ዓርብ ጠዋት ስድስት መቶ አሥራ ሁለት ሰው በአዲሱ ገጽ ቀጠሮ ይዟል። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ ገጹ ተነስቶ እስኪሠራ የፈጀው ጊዜ፣ በአማካይ፣ ግማሽ ሰከንድ አይሞላም።

ዳይሬክተሯ፦ በአሮጌውስ?

ሊቁ፦ አሥራ አንድ ሰከንድ ነበር። እንዲህ ያለ ውጤት ፍሬምወርኩን የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው አላገኙትም። ጽሑፍ ላወጣበት ነው።

ዳይሬክተሯ፦ ታዲያ ሰልፉ ለምን አላጠረም?

ሊቁ፦ ልማድ ነው። ለዚህ ነው መስኮቱ ይዘጋ የምለው። መስኮት እስካለ ድረስ ሰው መስኮት ያንኳኳል።

ዳይሬክተሯ፦ እኔ ያሰብኩት ከሩቅ ለሚመጡት ነው። በየመንደራቸው ሆነው ቀጠሮ መያዝ ቻሉ? የት የት እንዳሉ ይታያል?

ሊቁ፦ እንዴታ፣ ካርታ አለው። እኔም ገና አልከፈትኩትም፤ ቁጥሩ ስላስደሰተኝ። [ይጫናል። ወደ ስክሪኑ ጠጋ ይላል።] ሁሉም... አንድ ቦታ ላይ ናቸው።

ዳይሬክተሯ፦ የት?

ሊቁ፦ እዚህ። ግቢያችን ውስጥ።

ዳይሬክተሯ፦ ስድስት መቶ አሥራ ሁለቱም?

ሊቁ፦ ኔትወርኩ እዚህ ስለሚሻል፣ ሰው እስከዚህ ድረስ መጥቶ፣ ከዚያ በስልኩ...

ዳይሬክተሯ፦ በምን ስልክ?

ሊቁ፦ [ድምፁ ይቀንሳል] በአንድ።

ዳይሬክተሯ፦ በአንድ ዓይነት ስልክ?

ሊቁ፦ በአንድ ዕቃ። ስልክም አይደለም። ኮምፒውተር ነው። በጣም አሮጌ።

[ሦስቱም ቀስ ብለው የጋሼን ጠረጴዛ ያያሉ።]

ጋሼ፦ ምን ላድርግ? ሰኞ ዕለት በአዲሱ ገጽ ያልተመዘገበን ሰው ሐኪም አያየውም ብላችሁ ማስታወቂያ ለጠፋችሁ። ሰው በስልኩ ይሞክራል፣ በተኑ ይዘጋዋል፣ እኔ ጋ ይመጣል። ታማሚን ሂድ ልበለው? አንድ በአንድ አስገባሁላቸው።

ሊቁ፦ ሊሆን አይችልም። ግማሽ ሰከንዱስ? ይህ ኮምፒውተር ግማሽ ሰከንድ አይችልም።

ጋሼ፦ አይችልም። ጠዋት እከፍተውና መስታወቱን እወለውላለሁ፣ ወንበሬን አስተካክላለሁ፣ ከጽዳቷ ጋር ትንሽ እንጨዋወታለን። ከዚያ ገጹ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ግን እስከ ማታ አልዘጋውም። ሰው በመጣ ቁጥር በር የሚከፍትና የሚዘጋ ማነው? ስም እጽፋለሁ፣ ቀጣዩን እጠራለሁ።

ዳይሬክተሯ፦ ስለዚህ በሳምንቱ ገጹ የተከፈተው ስንት ጊዜ ነው?

ሊቁ፦ አምስት።

ዳይሬክተሯ፦ አንተ ግን...

ሊቁ፦ አምስቱ የፈጁትን ሰከንድ ለስድስት መቶ አሥራ ሁለት ቀጠሮ አካፍዬዋለሁ።

ዳይሬክተሯ፦ በስልካቸው ሞክረው የተመለሱትስ? እነሱ የጠበቁት የት ገባ?

ሊቁ፦ የሚቆጥረው ራሱ ጃቫስክሪፕቱ ነው። እሱ ስልካቸው ላይ ካልደረሰ... አይቆጠሩም።

ጋሼ፦ እኔ ቆጥሬያቸዋለሁ። እያንዳንዳቸው በዚህች ቀዳዳ ተሳድበው ነው የሄዱት። አንተን ሳይሆን እኔን።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ለምን አልነገሩኝም?

ጋሼ፦ ማክሰኞ ቢሮህ መጣሁ። ቀና ሳትል፣ ቅሬታ የሚቀርበው በገጹ ነው፣ «አስተያየት» የሚለውን በተን ይጫኑ አልከኝ። ተጫንኩት።

ሊቁ፦ እና?

ጋሼ፦ እየጠበቅኩ ነው።

ዳይሬክተሯ፦ ወንድሜ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅም። ያንተ ፍጥነት እኚህ ሰውዬ ናቸው። ምድር ቤት ልትልክብኝ የነበረው እሳቸውን ነው?

ሊቁ፦ ፍሬምወርኩ ግን ጥሩ ነው። በእውነት ጥሩ ነው። አጠቃቀሙ ላይ ነው...

ዳይሬክተሯ፦ ጥሩ ሊሆን ይችላል። መስኮቱ አይዘጋም። ጋሼ፣ ዕረፍት ከወጡ ስንት ጊዜዎ ነው?

ጋሼ፦ ሦስት ዓመት። ተተኪ የለም ስለተባለ።

ዳይሬክተሯ፦ ከአሁኗ ሰዓት ጀምሮ አሥራ አምስት ቀን ይውጡ። ተተኪ ተገኝቷል።

ሊቁ፦ ማን ነው?

[ዳይሬክተሯ የጋሼን ወንበር ወደ እሱ ትገፋለች።]

ሊቁ፦ እኔ? እኔ እኮ ኢንጂነር ነኝ።

ዳይሬክተሯ፦ ለዚህ ነው የመረጥኩህ። ላፕቶፕህን ለእኔ ስጠኝ። ገጽህን በዚሁ አሮጌ ኮምፒውተር፣ በሰልፈኛው ስልክ እያየህ አስተካክል። አንድ ሰው፣ በራሱ ስልክ፣ ሰልፍ ሳይቆም ቀጠሮ የያዘ ዕለት ከዚህ ወንበር ትነሳለህ።

[ላፕቶፑን ይዛ ትወጣለች። ጋሼ ኮታቸውን ከመንጠቆው ያነሳሉ።]

ጋሼ፦ ወንበሩ በግራ በኩል ያዘነብላል፣ እንዳይጥልህ። ሽማግሌ ከመጣ ድምፅህን ከፍ አድርግ። የሚያለቅስ ሕፃን ካለ ተራ አትጠይቅ፣ አስቀድም። ደግሞ ይህን የከፈትኩትን ገጽ እባክህ አትንካው።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ።

ጋሼ፦ እሱማ ነው። ደህና ዋል ልጄ።

[እያፏጩ ይወጣሉ። ሊቁ ይቀመጣል። ብቻውን መሆኑን ያረጋግጥና ስክሪኑን በንቀት ያያል።]

ሊቁ፦ በአግባቡ ቢከፈት እኮ... [ገጹን ይዘጋል፣ እንደገና ይከፍታል። አረንጓዴው በተን ወዲያው ይመጣል። ይጫነዋል። እንደገና ይጫነዋል። በቀዳዳው በኩል ሕፃን የታቀፈች ሴት ጎንበስ ትላለች።]

ሴትየዋ፦ ወንድሜ፣ ልጄ ትኩሳት ይዟታል። ካርድ አውጣልኝ።

ሊቁ፦ አንድ ጊዜ እህቴ። [ይጫናል።]

ሴትየዋ፦ ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስት ነው ያደረችው።

ሊቁ፦ አሁን ይመጣል። [ይጫናል። ግንባሩን ይጠርጋል። ከኋላ ሰልፉ ያጉረመርማል፤ ሕፃኗ ታለቅሳለች።]

ሴትየዋ፦ ማን ነው የሚመጣው?

[ሊቁ ስክሪኑን ያያል፣ ሕፃኗን ያያል። የጠረጴዛውን መሳቢያ ስቦ አንድ ደብተርና ጫፉ የተነከሰ እስክሪብቶ ያወጣል።]

ሊቁ፦ የልጅቷን ስም ንገሪኝ እህቴ። ቀስ ብለሽ ግን፤ እጄ ፈጣን አይደለም።