የሙሴ ፔራሾን አቋራጭ

በዓለም ላይ ሁለት ዓይነት ሰው አለ፤ መንገድ ሲጠየቅ «አላውቅም» ብሎ የሚያልፍ፣ እና ሳይጠየቅ እጅ ይዞ የሚወስድ። የመጀመሪያው ጤነኛ ነው። ሁለተኛው በሊዮን ከተማ በየሕንፃው ደረጃ አንድ አንድ አለ። ለእኛ ደረጃ የደረሱን ሙሴ፣ ማለትም አቶ፣ አንቴልም ፔራሾን ናቸው።

ሙሴ ፔራሾን ሰው በዋናው መንገድ ሲሄድ ማየት አይችሉም። ሌላው ሰው ዳቦ መሬት ወድቆ ሲያይ እንደሚከፋው፣ እሳቸው ቀጥ ብሎ የሚሄድ ሰው ሲያዩ ይከፋቸዋል። «የት ነው የሚሄዱት?» ይላሉ። ሰውየው ይነግራቸዋል። ክቡርነታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ክፉ በሽታ እንዳገኘ ሐኪም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «በዚያ? በዚያማ የሚሄደው የፓሪስ ሰው ነው። ይምጡ፣ አቋራጭ አለ። ሁለት ደቂቃ ነው።»

አቋራጩ ያለው እኔ ዘንድ ነው። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት በጠበቅኩትና በወለወልኩት ሕንፃ ውስጥ። ክሯ ሩስ ኮረብታ ላይ ያሉ ቤቶች እንዲህ ናቸው፤ ሰው ከላይኛው መንገድ በአንድ በር ይገባል፣ የውስጡን ግቢ ያቋርጣል፣ መቶ አራት ደረጃ ወርዶ በታችኛው መንገድ ይወጣል። በሩ የሰው ቤት በር ይመስላል፤ የሰው ቤት በርም ነው። ግን ቀን ቀን ለሁሉም ክፍት ነው። የድሮ ሸማኔዎች ሐራቸውን ዝናብ ሳይነካው ያሳልፉበት ነበር ይባላል። ዛሬ ሐሩ የለም። ዝናቡ ግን አለ፤ ከነጭቃው በሙሴ ፔራሾን ጫማ ገብቶ ደረጃዬ ላይ ያርፋል።

ባለፈው መጋቢት ይህ በር ሊዘጋባቸው ነበር። ውሳኔው ደግሞ፣ ማን እንደፈረደብኝ አላውቅም፣ እኔ እጅ ገባ። ወደዚያ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ሰውየውን ይወቁልኝ።

ጡረታ ከመውጣታቸው በፊት የባቡር ነጂ ነበሩ። ኮረብታው ላይ ወዳለው ፉርቪዬር ቤተ ክርስቲያን በገመድ ተስባ የምትወጣውን፣ እኛ የአገሩ ሰዎች «ገመዷ» የምንላትን ባቡር ሃያ ስምንት ዓመት ነድተዋል። ሽቅብ ቀጥ፣ ቁልቁል ቀጥ። ጡረታ የወጡ ዕለት ታጠፉ፤ ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆናቸው፣ አልተቃኑም።

አንድ ጊዜ ባልና ሚስት በራችን ላይ ቆመው ካርታ ገለጡ። በሙሴ ፔራሾን ፊት ካርታ መግለጥ በድመት ፊት ዓሣ መግለጥ ነው። ሰዎቹ ቤልኩር አደባባይ፣ በንጉሡ ሐውልት ከፈረሱ ጭራ ሥር ቀጠሮ ነበራቸው። ከተማው ሁሉ የሚቀጣጠረው እዚያ ነው፤ ንጉሡ ከላይ ፈረሱ ላይ በክብር ተቀምጧል፣ እኛ ከታች ጭራውን እያየን ሰው እንጠብቃለን። ሜትሮው ከበራችን አምስት ደቂቃ አይርቅም።

«ሜትሮ!» አሉ ሙሴ ፔራሾን። «ሊዮንን ሊያዩ መጥተው እንደ ፍልፈል ከመሬት በታች?»

በአራት ግቢ፣ በሁለት ምድር ቤትና በጥርስ ሐኪሙ መጠበቂያ ክፍል በኩል አሳለፏቸው። ሚስትየው እዚያ ክፍል ውስጥ ተራዋ ደርሶ ተጠርታ ነበር ይባላል። ከፈረሱ ጭራ ሥር የደረሱት ጓደኞቻቸው ምሳ በልተው፣ ተኮራርፈው፣ ወደየቤታቸው ከገቡ በኋላ ነው።

ሌላ ቀን ደግሞ ሦስት ጀርመኖች አስከትለው ወደ ትልቁ ባለሥዕል ግድግዳ ሲገሰግሱ አየኋቸው። ግድግዳው ላይ የተሳለ ሰፊ ደረጃ አለ፤ ከሩቅ ላየው ሽቅብ የሚያወጣ ይመስላል። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ቤት ረስተዋል። ግድግዳው ሥር ደረሱ፣ እግራቸውን አነሱ፣ ረገጡት። ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ወደ ጀርመኖቹ ዞረው፣ በሙሉ ክብር፦

«ዛሬ ተዘግቷል» አሏቸው።

የሶፋውን ነገር ባልናገር ይሻል ነበር። የአንደኛ ፎቋ ማዳም ዱሼን ሶፋ ገዝተው ተሸካሚዎቹ በላይኛው መንገድ ሊያስገቡት ሲሉ፣ ሙሴ ፔራሾን ደረሱና በታችኛው በር፣ በጠመዝማዛው ደረጃ አስገቡት። ሶፋው መሐል ላይ ተቀረቀረ። ሁለት ቀን እዚያው ከረመ። ሽቅብ የሚወጣ ሁሉ ተቀምጦበት ያርፋል፤ በሁለተኛው ቀን ፖስተኛው እንቅልፍ ወስዶት አገኘሁት። ማዳም ዱሼን ከላይ ሆነው ያለቅሳሉ። ሙሴ ፔራሾን ሶፋውን በጣታቸው መታ መታ አደረጉና «የተሳሳተው ይሄ ነው፤ ድሮ ዕቃ እንዲህ አልነበረም» አሉ።

የሚያስከትሉት ሰው ብዛቱ! ደረጃው መቼ እንደተሠራ ለእያንዳንዱ አገር ሰው የተለየ ዘመን አላቸው። ለእንግሊዞች አራት መቶ ዓመት ይሰጧቸዋል፣ ለጃፓኖች አምስት መቶ። ጥሩ ጫማ ያደረገ ሰው ከመጣ ሮማውያን ድረስ ይወርዱለታል። ግድግዳው ላይ «እዚህ ሰው ይኖራል፤ እባክዎ ጸጥታ» የሚል ጽሑፍ አለ። ሙሴ ፔራሾን እሱን ያከብራሉ። «ዝም በሉ! ሰው ተኝቷል!» ብለው ሲጮኹ የሦስተኛ ፎቅ ሰዎች መስኮት ከፍተው ያያሉ።

እኔ ደግሞ ከባልዲዬ አጠገብ ቆሜአለሁ።

«ሙሴ ፔራሾን፣ ደረጃው እርጥብ ነው!»

«አውቃለሁ ማዳም ኢቬት። ለዚህ እኮ ነው ቀስ ብለን የምንረግጠው።»

«ሃምሳ ጫማ ቀስ ብሎ ቢረግጥ ያው ሃምሳ ጫማ ነው!»

«አያችሁ?» ይሏቸዋል ወደ እንግዶቹ ዞረው፣ በእጃቸው እኔን እያሳዩ። «ይህችም ከሕንፃው ጋር አብራ የተሠራች ናት።»

እንግዲህ በመጋቢት ማዳም ዱሼን ስብሰባ ጠሩ። በሁለቱም በሮች ላይ ቁጥር የሚመታበት መቆለፊያ ይግባ፣ ቁጥሩንም የሕንፃው ነዋሪ ብቻ ይወቅ አሉ። ሙሴ ፔራሾን የሚኖሩት በታችኛው መንገድ፣ ከበራችን ፊት ለፊት ነው። ነዋሪያችን አይደሉም፤ ድምፅም የላቸውም። መቆለፊያው ከገባ እሳቸው ውጭ ቀሩ ማለት ነው።

ዐርብ ዕለት ወደ እኔ ክፍል መጡ። ከኋላቸው ማንም የለም።

«ሰምተዋል?» አሉኝ።

«ሰምቻለሁ።»

«ለእርስዎ ይቀልልዎታል።»

«ይቀልለኛል።»

«ልክ ነው» አሉና ደረጃውን ወረዱ። ዳር ዳሩን፣ ደረቅ ደረቁን እየመረጡ። በአሥራ አራት ዓመት ደረቁን ሲመርጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በጣም ተናደድኩባቸው። ሰው ሲያሰለቸኝ ኖሮ በመጨረሻዋ ሰዓት ጨዋ ሲሆንብኝ አልወድም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። ወንበሩን የደረደርኩት እኔ ነኝ። ማዳም ዱሼን ወረቀት ይዘው ቆሙ። «ጭቃው» አሉ። «ጩኸቱ» አሉ። «ሶፋዬ» ሲሉ ድምፃቸው ተንቀጠቀጠ። ሦስት ቤት ይዘጋ አለ፤ ሦስት ቤት አይዘጋ አለ። የቀረው ጥርስ ሐኪሙ ሙሴ ጂሩ ነበር።

«እኔ እንጃ» አለ። «ደረጃውን የሚወለውሉት ማዳም ኢቬት ናቸው። እሳቸው ያሉትን እላለሁ።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። እኔ ትምህርት ቤት የተውኩት በአሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ ስብሰባ ላይ ወንበር እንጂ ቃል አቅርቤ አላውቅም።

«ማዳም ኢቬት፣ ብቻ እውነቱን» አሉ ማዳም ዱሼን። «ሰውየው ጭቃ ያስገባሉ?»

«ያስገባሉ።»

«ይጮኻሉ?»

«ይጮኻሉ።»

«ለመንገደኛ ውሸት ይነግራሉ?»

«በየቀኑ። ለየአገሩ።»

«እንግዲያው ይዘጋ!»

«አይዘጋ» አልኩ።

ማዳም ዱሼን ወረቀታቸውን አወረዱ። እኔም ከአፌ የወጣውን ስሰማ ደነገጥኩ፤ ግን አንዴ ወጥቷል።

«ከኋላ ያለውንም ሕንፃ የምወለውለው እኔ ነኝ» አልኩ። «እዚያ መቆለፊያ ከገባ ስድስት ዓመት ሆነው።»

«ታዲያ ሥራው አልቀለለም?» አለ ሐኪሙ።

«አልቀለለም። አቧራ ቁጥር ሳይመታ ይገባል። እዚያ ስወለውል ጠዋቱን ሙሉ የሚያናግረኝ የለም። አንዳንዴ ሳስል የራሴ ድምፅ ያስደነግጠኛል። እዚህ ግን በቀን አራት ጊዜ እቆጣለሁ።»

«ይሄ ምክንያት ነው?» አሉ ማዳም ዱሼን።

«ለእርስዎ ላይሆን ይችላል። ወለሉን የምወለውለው እኔ ነኝ።»

ሐኪሙ እጁን አወጣ። አራት ለሦስት። በሩ ክፍት ሆኖ ቀረ። ማዳም ዱሼን አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፉኝ።

ሰኞ ጠዋት ደረጃውን ወለወልኩና ቆሜ ጠበቅኩ። ማንም አልመጣም። መቶ አራቱም ደረጃ አንድ ኮቴ ሳያርፍበት ደረቀ፤ እንዲህ ንጹሕ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ደስ አላለኝም። ዳቦ ልገዛ ብዬ ወጣሁ። ዳቦ ቤቱ ወደ ላይ ነው፤ እኔ ወደ ታች ሄድኩ።

በዋናው መንገድ መታጠፊያ ላይ አገኘኋቸው። የገበያ ቅርጫታቸውን አንጠልጥለው፣ ላብ በላብ ሆነው ቆመዋል። አንድ ቱሪስት ካርታውን ዘርግቶ በትዕግሥት ያስረዳቸዋል፤ ክቡርነታቸው ጣታቸውን ካርታው ላይ አድርገው ያዳምጣሉ።

«ምን ሆነው ነው?» አልኳቸው።

ደንግጠው ጣታቸውን አነሱ። «ወደ ገበያ ልወጣ ነበር። እዚህ ጋ ደረጃ ነበረ።»

«አልነበረም።»

«መንገዱን ቀይረውታል።»

«መንገዱ ከእኔና ከእርስዎ በፊት እዚሁ ነበር። እርስዎ ነዎት ሄደውበት የማያውቁት።»

ቱሪስቱ ካርታውን አጥፎ ሄደ። ሙሴ ፔራሾን ቅርጫታቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። ቀና ብለው አላዩኝም።

«በሩ አልተዘጋም» አልኳቸው። «ለምን ገፋ አላደረጉትም?»

«ተዘግቶ ባገኘውስ?»

ዳቦዬን ከመንገድ ዳር ገዛሁና አብረን እስከ ታችኛው በር መጣን። እኔ ቆሜ እሳቸው ገፉት። ተከፈተ። ግቢው ውስጥ ገብተው ትንፋሻቸውን ከሰበሰቡ በኋላ ትከሻቸው ወደ ቦታው ተመለሰ።

«ማን ተናገረልኝ?»

«ጥርስ ሐኪሙ።»

«አላልኩም! የተማረ ሰው። እርስዎ ተጠይቀው ቢሆን ኖሮ ዘግተውብኝ ነበር።»

«ወዲያውኑ ነዋ። ከደስታዬም ብዛት መወልወያዬን ወስጄ ወንዝ እወረውረው ነበር።»

ቅርጫታቸውን መሬት አስቀመጡ።

«የትኛው ወንዝ?»

«ምን?»

«ሮን እንዳይሉኝ። ከዚህ ሮን ይርቅዎታል፤ ሶን ነው ቅርቡ። በሐኪሙ ጓሮ ወርደው፣ ያቺን አረንጓዴ በር ገፍተው… ይምጡ፣ ላሳይዎት።»

ዳቦዬን ብብቴ ሥር አድርጌ ተከተልኳቸው። ሶን የት እንዳለ ከተወለድኩ ጀምሮ አውቃለሁ።