የኦቦ ኤጄታ ጥርስ አያያዝ

ንብረትን ጠብቆ ማቆየት ከምግባር ሁሉ የላቀ መሆኑን የሚጠራጠር ካለ፣ ከአምቦ አለፍ ብሎ በባኮ መንገድ ዳር ያለችውን ትንሽ ከተማ ጤና ጣቢያ ይጎብኝና ከኦቦ ኤጄታ ይማር። ኦቦ ኤጄታ የጤና ጣቢያው የንብረት ዋና የሥራ ሂደት ባለቤት ናቸው። ይህን ማዕረግ ያገኙት በሚሊኒየሙ ዓመት፣ መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ከመሠረቱ ይለወጥ በተባለ ጊዜ ነው። ከዚያ በፊት ንብረት ክፍል ኃላፊ ይባሉ ነበር። ቢሮው ያው ነው፣ ቁልፉም ያው ነው። ማኅተሙ ግን ተለውጧል።

እርሳቸው የሚመሩበት መርህ አንድ ነው፦ ያልተነካ አይበላሽም። ሳሎናቸው ያለው ሶፋ ከተገዛ ጀምሮ ላስቲኩ አልተገፈፈም፤ በበጋ የሚመጣ እንግዳ ብድግ ሲል ሱሪው ከላስቲኩ ጋር ተጣብቆ ያስጨንቀዋል። ቴሌቪዥኑ ዳንቴል ለብሶ ይውላል። ዜና ሲደርስ ይገለጣል፤ ዜናው ሲያልቅ፣ የአየር ሁኔታውን እንኳ ሳይጠብቁ፣ መልሰው ያለብሱታል።

የዚህ ሁሉ ጥበብ ቁንጮ ግን ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው የጥርስ ሕክምና ወንበር ነው። አንድ ለጋሽ ድርጅት ያመጣው ነው፤ ከፍ ዝቅ ይላል፣ የራሱ መብራት አለው፣ መቦርቦሪያው ሳይቀር ከጎኑ ተንጠልጥሏል። በርክክቡ ዕለት ኦቦ ኤጄታ ንግግር አደረጉ።

«ይህ ወንበር የሕዝብ አደራ ነው። አደራ ደግሞ ይጠበቃል እንጂ አይቀመጡበትም!»

ተጨበጨበ። በማግስቱ ወንበሩ ከነላስቲኩ ክፍል ተሰጠው፣ ክፍሉም ቁልፍ ተሰጠው፣ ላስቲኩ ላይ ደግሞ በኦቦ ኤጄታ ፊርማ የጸና ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ «መቀመጥ ክልክል ነው።»

ከዚያ በኋላ ወረዳው ኢዮሲያስ የሚባል የጥርስ ባለሙያ መደበ። ወጣቱ ክፍሉ ተከፍቶለት ወንበሩን ባየ ጊዜ ዓይኑ በራ። ማስታወቂያውን ሲያነብ ግን ግራ ገባው።

«ኦቦ ኤጄታ፣ ታካሚው ምን ላይ ይቀመጥ?»

«አግዳሚው ምን ሆነ?»

«በአግዳሚ ላይ ጥርስ አይሞላማ።»

«እንግዲያው አትሙላ። የሞላኸው ጥርስ ነገ ይወልቃል፤ ወንበሩ ግን አንዴ ከተቧጨረ ማን ይመልስልኛል?»

ኢዮሲያስ ካርድ ክፍል ገብቶ ካርድ ያወጣ ጀመር። ወደ አገሩ ወደ አዲስ ዓለም ከተማ ዝውውር ጠየቀ፤ ማመልከቻው በኦቦ ኤጄታ ጠረጴዛ ላይ «ከንብረት ዕዳ ነጻ ነው» የሚል ፊርማ ይጠብቃል። ስለዚህ ኢዮሲያስ ከዚያ ቀን ጀምሮ በአለቃው ሐሳብ የሚስማማ ሰው ሆነ።

ታዲያ አንድ ቀን ኦቦ ኤጄታ ስብሰባ ላይ «ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ» እያሉ ቆሎ ሲቆረጥሙ የቀኝ ጥርሳቸው ተሸረፈ። ከዓይን ጥርስ ቀጥሎ ያለው፣ ሰው ሲስቅ ብቅ የሚለው ነው። ወንበሩ ከቢሯቸው ሁለት በር ወዲያ ነው፤ ባለሙያውም እዚያው ካርድ ይደረድራል። እርሳቸው ግን ቅንጣት አላመነቱም። «ለግል ጥቅሜ የሕዝብ ንብረት አልነካም» አሉና አውቶቡስ ተሳፍረው አዲስ አበባ ሄዱ፤ ጥርሳቸውን በወርቅ አሸፈኑ። እንዲህ ያለ ንጹሕ ሰው ዛሬ ከየት ይገኛል?

ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ ምክር ሰጣቸው። «ወርቁ አይበሰብስም» አለ። ኦቦ ኤጄታ የሚፈልጉትን ስለሰሙ ኮታቸውን አነሡ። ሐኪሙ እየተከተለ ቀጠለ። «ከሥሩ ያለው ግን የእርስዎ ጥርስ ነው፣ እሱ ይበሰብሳል። ወርቁና ድድዎ የሚገናኙበትን ጠርዝ ጠዋትና ማታ በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱ፤ በየመንፈቁ ብቅ ይበሉና እንየው።» ይህን ኮሪደሩ ሰማው። ኦቦ ኤጄታ ደረጃውን እየወረዱ ነበር።

ጥርሱ የተሠራው በደህና ጊዜ ነው። ልጃቸው መቲ ታጭታለች፤ ሰርጓ ከፋሲካ በኋላ ነው። የሙሽራው አባት ኦቦ ቦጂያ ባኮ ላይ ሰፊ የበቆሎ እርሻ ያላቸው የተከበሩ ሰው ናቸው። በሰርጉ ቀን ኦቦ ኤጄታ ከቤተ ዘመዱ መካከል ቆመው በአባት ወግ ልጃቸውን ይመርቃሉ፤ አባት ሳይመርቃት ከቤት የወጣች ልጅ በዘመዱ ዘንድ እንደተዳረች አትቆጠርም። እርሳቸው ሲመርቁ ወርቁ ብልጭ ይላል። ይህን ሲያስቡ ሌሊት ሳይቀር ፈገግ ይላሉ።

ስለዚህ ወርቁ እስከ ሰርጉ ጭረት ሳይነካው መድረስ አለበት። ያልተነካ አይበላሽምና፣ ብሩሽ በቀኝ በኩል እንዳያልፍ ተከለከለ። መፋቂያም እንጨት ስለሆነ ይቧጭራል ተብሎ ታገደ። ምግብ ሁሉ በግራ ተላከ። በግራ በኩል ያለው መንጋጋ ድሮ አምቦ ያስሞሉት ነው፤ የሁለት ሰው ሥራ ሲጫንበት ሙሌቱ ተሰነጠቀ። ጠዋት ጠዋት በመነጽር መጥረጊያ ጨርቅ የወርቁን ፊት ያብሳሉ። ፊቱን ብቻ። ከሥሩና ከጀርባው ምን እንዳለ ያየ የለም፤ እንግዳ የማይገባበትን ጓዳ ማን ይጠርጋል?

መጀመሪያ የነቁት ባለቤታቸው አዴ ባየሽ ናቸው።

«የመቲ አባት፣ አፍህ ይሸታል።»

«ወርቅ ሸትቶ ያውቃል?»

«ወርቁን አላልኩም፣ አፍህን ነው ያልኩት።»

«አፌ ውስጥ ያለው ወርቅ አይደል እንዴ!»

አዴ ባየሽ ትራሳቸውን ይዘው መቲ ክፍል ገቡ።

በመሥሪያ ቤቱም ለውጥ ታየ። በጠዋቱ ስብሰባ ሠራተኛው በየሳምንቱ አንድ አንድ ወንበር ወደ ኋላ ይሸሽ ጀመር። የፊተኛው ረድፍ ባዶ ቀረ። መስኮቱ በጠዋት ብርድ ይከፈታል። ኦቦ ኤጄታ ይህን አክብሮት ነው ብለው ተረጎሙት፤ ሠራተኛው ከአለቃው ተገቢውን ርቀት መጠበቁን አመሰገኑ። በግምገማው ጊዜ አንድም ሰው እጁን አውጥቶ «አፍዎ ይሸታል» አላለም። ግድግዳው ላይ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ጽሑፍ አለ፤ ሁሉም ዓይኑን እሱ ላይ ተከለ። ኢዮሲያስ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል። ግን ማመልከቻው አልተፈረመም።

«ኢዮሲያስ፣ ወርቄ እንዴት ነው?» ይሉታል።

«ያበራል፣ ኦቦ።»

ሰርጉ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው ኦቦ ኤጄታ ቀኝ ጉንጫቸው አብጦ ተነሡ። አፋቸው አልከፈት አለ። ውሃ እንኳ በጉሮሮ ጠብ የሚለው በመከራ ነው። መቲ ሮጣ መጣች።

«ያ ዋቃዮ! ማል ታቴ፣ ምን ሆንክ አባዬ?»

ሊመልሱላት ሞከሩ፤ የወጣው ድምፅ ቃል አልነበረም። መቲ አጠገባቸው ተቀምጣ አለቀሰች። «እሑድ ማን ሊመርቀኝ ነው? አባቷ ዝም ብሎ ሸኛት ሊሉኝ ነው?»

እዚህ ላይ ኦቦ ኤጄታ ፈሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ የፈሩት ጭረት ብቻ ነበር፤ አሁን ግን ልጃቸው ሳትመረቅ የምትወጣበት በር ታያቸውና እንባቸው መጣ። ጋቢያቸውን ተከናንበው ጤና ጣቢያ ሄዱ።

ኢዮሲያስ የወንበሩን ክፍል በቁልፋቸው ከፈተ፤ አፋቸውንም በግድ አስከፍቶ አየና አፍንጫውን ወደ መስኮቱ አዞረ። «አሁኑኑ መውጣት አለበት። ወንበሩ ላይ ይውጡልኝ፣ መብራቱን ላብራ።»

ኦቦ ኤጄታ በእጃቸው ማስታወቂያውን ጠቆሙ።

«የራስዎ ፊርማ አይደል? እርስዎው ይሻሩታል።»

ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። በጥርሳቸው መካከል እንደምንም አሾልከው ተናገሩ፦ «ለግል... ጥቅሜ?»

«እሺ፣ ላስቲኩ ላይ እንኳ ይቀመጡ!»

«ላስቲኩ... ይቀደዳል።»

እንግዲህ የሕዝብን አደራ እስከዚህ የጠበቀ ሰው በየትኛው አገር ተገኝቷል? ኦቦ ኤጄታ ተራ መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተጋደሙ። ዘበኛው ጀቤሳ እግራቸውን በአንድ እጁ፣ የእጅ ባትሪውን በሌላው ያዘ። ማደንዘዣው እብጠቱን አልደፈረውም፤ አግዳሚው እየተንገጫገጨ የጤና ጣቢያውን ግቢ የሞላው ጩኸት ገበያ ድረስ ተሰማ። ወርቁ ግን ትግል አላስፈለገውም። ኢዮሲያስ በሁለት ጣቱ ሲነካው ብቻውን ወጣ።

«ወርቁስ?» አሉ ኦቦ ኤጄታ፣ ደማቸውን ተፍተው ትንፋሽ እንዳገኙ።

«ወርቁ ደህና ነው። ሌላ መቶ ዓመት ይኖራል።»

«ጭረት አለው?»

«የለውም።»

«አላልኩህም!»

«ጥርሱ ነው የሌለው፣ ኦቦ። ከሥሩ በስብሶ አልቋል። ወርቁ ባዶ ጎጆ ሲጠብቅ ነው የከረመው። በቀን ሁለት ጊዜ ብሩሽ ቢያስነኩት ኖሮ ዛሬም...»

ኦቦ ኤጄታ አልሰሙትም፤ አንገታቸውን ቀና አድርገው በተከፈተው በር ወንበሩን ይመረምሩ ነበር። «ደም አልነጠበበትም አይደል?»

ኢዮሲያስ ጓንቱን አወለቀ። «አልነጠበም። አሁን እንኳ ማመልከቻዬን ይፈርሙልኝ።»

«አንተን የመሰለ ባለሙያ ለቅቄ? ወንበሩን ማን ሊጠብቀው ነው?»

እሑድ ደረሰ። ጉንጫቸው ገና አልጎደለም፤ ቢሆንም አፋቸው ተከፍቷል። ኦቦ ኤጄታ በቤተ ዘመዱ መካከል ቆመው እጃቸውን ዘረጉ። «ሆራ ቡላ! ውለዱ፣ ክበዱ፣ ቤታችሁ እንግዳ አይጣ!» አሉ። በጎደለው በኩል ነፋስ እየገባ ቃሉ ቢያፏጭም ምርቃት ምርቃት ነው። መቲ እግራቸው ሥር ተንበርክካ አለቀሰች፤ አዴ ባየሽም አለቀሱ፤ እርሳቸውም አላስቻላቸውም። ፎቶ አንሺው «ፈገግ በሉ!» ሲል ግን ከደረት ኪሳቸው በጥጥ የተጠቀለለውን ወርቅ አውጥተው በሁለት ጣት ያዙና ከፊታቸው አጠገብ አነሡት።

ምሳ ላይ ኦቦ ቦጂያ አልበላም ብለው ጉንጫቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ኦቦ ኤጄታ የሙሽራውን አባት ሊያስተናግዱ ቀረቡ።

«ምነው ኦቦ ቦጂያ፣ ምግቡ አልተስማማዎትም?»

«ኧረ ጥርሴ ነው። ያስሞላሁት ወልቆ ይጠዘጥዘኛል። እናንተ ጋ ጥሩ የጥርስ ወንበር አለ ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?»

«አለ እንጂ! እንደ መጣ ነው፣ ቢያዩት ገና ፋብሪካ ፋብሪካ ይሸታል።»

«ነገ ልምጣ ታዲያ?»

ኦቦ ኤጄታ ፊታቸው በኩራት በራ፤ በጎደለው በኩል ሳይቀር ፈገግ አሉ።

«ይምጡ! ክፍሉን ራሴ ከፍቼ አሳይዎታለሁ። ለጥርስዎ ግን በዚያው አዲስ አበባ ይሂዱ።»