ባለጉትያዋ በፕሮግራሙ መሠረት ተፈለፈለች

አምላክ ወፍን ሲፈጥር አንድ ነገር ረስቷል፤ የበላይ አካል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው የእኛ መሥሪያ ቤት የተቋቋመው። ሥራችን ከምድረ ገጽ ልትጠፋ የተቃረበችውን ባለጉትያ ወፍ በእንክብካቤ አራብቶ ወደ ጫካዋ መመለስ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት ከጫካ ያመጣናቸው አንድ ወንድና አንዲት ሴት ወፍ አሉን፤ እነሱን የምናስተዳድር ደግሞ ሠላሳ አራት ሠራተኞች ነን። እኔ የቃለ ጉባኤ ጸሐፊው ነኝ። ስለዚህ የምነግራችሁ ሁሉ የጸደቀ ነው።

በስምንተኛው ዓመት ሴቲቱ ወፍ አንድ እንቁላል ጣለች። ማንንም ሳታማክር! ሥራ አስኪያጃችን ሆደ ሰፊ ሰው ናቸውና ይቅር አሏት፤ ወዲያውም የመፈልፈያ ሥነ ሥርዓት አዘጋጅ ኮሚቴ አቋቋሙ። የክብር እንግዳው «ዓርብ ይመቸኛል» አሉ። ድንኳን ተተከለ፣ ባነር ተሰቀለ፣ ንግግር ተጻፈ። ያልተነገረው ለእንቁላሉ ብቻ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ወፍ ጠባቂያችን፣ እኛ «የወፎቹ አክስት» የምንላት ሴት፣ እያለከለከች ቢሮ ገባች።

«ጌታዬ፣ ጫጩቷ ከውስጥ መጮህ ጀምራለች! ነገ መውጣቷ ነው።»

«ነገ?» ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። «ፕሮግራሙ እኮ ዓርብ ነው።»

«እሷ ፕሮግራም ምን ታውቃለች?»

«አንቺ ታውቂያለሽ አይደል? የማስፈልፈያ ማሽኑን ሙቀት ቀነስ አድርጊውና ትቆይ።»

«ኧረ በብርድ ትሞታለች!»

«ማን ትሙት አለ? ትታገስ ነው ያልነው። ለአገር ሲባል ሦስት ቀን ምን አላት!»

የአክስትየዋ ዓይን እንባ አቀረረ። ስምንት ዓመት ሙሉ ጎጆ እየጠረገች፣ ጥሬ እየለቀመች የጠበቀችው ይህን አንድ እንቁላል ነው። አንጀቴን በላችው። ሐዘኔን ግን በቃለ ጉባኤ አልያዝኩትም፤ አጀንዳ አልነበረም።

«እሺ» ብላ ወጣች። እሷ እንዲህ በቀላሉ እሺ ስትል መጠርጠር ነበረብን፤ እኛ ግን የዲሲፕሊን መሻሻል ነው ብለን መዘገብነው።

ኋላ እንደሰማነው፣ የዚያኑ ቀን በምሳ ሰዓት እንቁላሉን በጨርቅ ጠቅልላ፣ ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ ወደ ጎረቤቷ ከነፈች። ጎረቤቷ እንቁላል የታቀፈች ባለ ጉትያ ዶሮ አለቻት፤ የዶሮዋ ጫጩቶች የሚጠበቁት ዓርብ ነው። የእኛን እንቁላል ለዶሮዋ አሳቀፈቻት። ከዶሮዋ እንቁላሎች አንዱን አነሣችና፣ ጠቃጠቆ እንዲመስል የሻይ ዝቃጭ ነካ ነካ አድርጋ ማስፈልፈያችን ውስጥ አስቀመጠችው።

የእኛዋ ማክሰኞ በዶሮ ክንፍ ሥር ያለ ምንም ንግግር ተፈለፈለች። ዓርብ ደግሞ የክብር እንግዳው የንግግራቸው ስድስተኛ ገጽ ላይ ሲደርሱ ድንኳኑ ውስጥ ቅርፊት ተሰነጠቀ። «እነሆ፣ ታሪክ ሲፈለፈል በዓይናችን አየን!» አሉ። ጭብጨባው ድንኳኑን ሊያፈርሰው ደረሰ። ጫጩቱ ፎቶግራፍ ተነሣ፤ ጫጩቱ ባደገ ቁጥር በየወሩ እንደ አዲስ እየተነሣ ማኅተም የሚደረግበት ይህ ፎቶግራፍም የዝርያው ሕጋዊ መልክ ሆኖ ጸደቀ።

በአራተኛው ወር ወፋችን «ኩኩሉ» ማለት ጀመረ። «ከዚህ ቀደም ያልተመዘገበ የዝርያው ድምፅ» ተብሎ ተመዘገበ። አንድ ባለሙያ ብቻ «አውራ ዶሮ አይመስላችሁም?» ብሎ ጠየቀ። አሁን ሥልጠና ላይ ነው።

በዚህ መሃል እውነተኛዋ አድጋ ከጣሪያ ጣሪያ መብረር ጀምራ ነበር። የሰፈሩ ድመቶች ዓይናቸውን ጥለውባታል፤ ጫካ ካልገባች አለቀላት። ያለ ደብዳቤ መልቀቅ ደግሞ ስርቆት ነው፤ ያሳስራል። አክስትየዋ ሌላ መላ ስታጣ ቅርጫት ይዛ ስብሰባችን ላይ ገባች።

«ጌቶቼ፣ እንቁላሉን የለወጥኩት እኔ ነኝ። እውነተኛዋ ይቻትላችሁ። እኔን የፈለጋችሁትን አድርጉኝ፤ እሷ ብቻ ጫካዋ ትግባ።»

ክዳኑ ሲነሣ ሰማያዊ ጉትያ ብቅ አለ። እንዴት ታምራለች! እስከዚያ ቀን ድረስ ፋይሏን እንጂ ወፏን ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ማኅተም ያለበትን ፎቶግራፍ አወጡ። ወፏን አዩ። ፎቶግራፉን አዩ።

«አትመሳሰልም» አሉ።

«ጌታዬ፣ ያኛው እኮ ዶሮ ነው!»

«ታዲያ የክብር እንግዳው ያጨበጨቡት ለዶሮ ነው ልትይን ነው?»

ወዲያው በሙሉ ድምፅ ተወሰነ፤ ማንነቷ ያልታወቀ ይህች ወፍ ከግቢያችን ተባርራ ጫካ ትጣል።

የአክስትየዋ ፊት ቀስ እያለ ሲፈካ አየሁ።

«ልክ ነዎት ጌታዬ፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አለች አንገቷን ደፍታ። «ግን ትልቁ ጎጆ ውስጥ ያሉት ሁለቱም ቁርጥ ይህችኑ ነው የሚመስሉት። እንዴት ነው ነገሩ?»

ሥራ አስኪያጁ በመስኮት አዩ። ፎቶግራፉን አዩ። ጠረጴዛውን በቡጢ መቱት።

«ስምንት ዓመት ሙሉ በሰው ስም ሲቀለቡ! ዛሬውኑ ይውጡ! ተባረኪ፤ እንዳንቺ ያለ ንቁ ሠራተኛ ነው የሚያስፈልገን።»

«ውሳኔው ማኅተም ይደረግበት» አለች።

ተደረገበት። ለምስክርነት እኔ ተመድቤ አብሬያት ጫካ ሄድኩ። ሦስቱም ከቅርጫት ወጥተው ዛፎቹ መሃል ሲገቡ፣ አክስትየዋ ሣሩ ላይ ዘጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ይህ ግን የጸደቀ አይደለም።

የዓመቱን ሪፖርት የጻፍኩት እኔ ነኝ። «ወደ ጫካ የተመለሱ ወፎች» በሚለው ሥር እንደ ወትሮው «የለም» አልኩ። «በማጭበርበር የተባረሩ» በሚለው ሥር ደግሞ ሦስት።